አፉ ተጣሟል ብዬ ነበር

ኅዳር 6

ለምወድዎ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ሌላ ጊዜ ደብዳቤዬን «እኛ ደህና ነን» ብዬ ነበር የምጀምረው፤ ዛሬ ግን ያን ብጽፍ ወረቀቱም ይታዘበኛል። እርስዎን ፈጣሪ በወጡበት በገቡበት ይጠብቅልን።

እማዬ «በስልክ እንባዬ ይቀድመኛል፤ አንቺ ቁጭ ብለሽ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ጻፊላት» ስላለችኝ ነው የምጽፈው። እርስዎ የሚያውቁትንም ጭምር እጽፋለሁ፤ ካልጻፍኩት በልቤ ውስጥ መልክ አይዝልኝም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ የአንድ ካፖርት ቁልፍ እተክላለሁ። አባዬ የስፌት መኪናው ላይ ሆኖ እጅጌ ይገጥማል፣ በካፖርቱ ባለቤት ይቀልዳል። «ሆዱ ያድጋል፣ እኔ አሰፋለታለሁ፤ ከሁለት አንዳችን ካላቆምን ይሄ ካፖርት ድንኳን ይሆናል» አለኝ። ሳቅሁ። ከዚያ መኪናው ሳያቋርጥ መሮጥ ጀመረ። ረጅም ስፌት ይዞ ነው ብዬ ቀና አላልኩም። ቀና ስል ግን ከመርፌው ሥር ጨርቅ የለም። ቀኝ እግሩ ፔዳሉ ላይ እንደ ድንጋይ ተጭኖ ቀርቷል። «አባዬ» ስለው ዞረ፤ የፊቱ ቀኝ በኩል ወርዷል። ሊናገር ፈለገ፤ የወጣው ግን ቃል አልነበረም።

በእኛ ቤት ሰው ሲታመም ከማንም በፊት የሚጠየቀው ውጭ አገር ሆስፒታል ነርስ የሆኑት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ወለሉ ላይ የገበር ጨርቅ አነጠፍኩ፣ አባዬን እየጎተትኩም እየደገፍኩም አስተኛሁትና ደወልኩልዎ። ራሱን ይዤ ስለነበር ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ደረቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። በስልክ ምላሴ እንደሚተሳሰር ያውቃሉ። ያን ቀን ግን አልተሳሰረም፤ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። አፉ ተጣሟል አልኩዎ፤ በየት በኩል ነው ሲሉኝ በቀኝ አልኩ። እጁን ያነሳል ወይ ሲሉኝ፣ አነሳሁለት፣ ይወድቃል አልኩ። ከአውቶቡስ ማዞሪያው ማዶ ወዳለው አዲሱ ሆስፒታል ታክሲ ልጥራ ወይ ስልዎ፣ «እዚያ ከግድግዳ ቀለም በቀር ምን አላቸው ብለሽ ነው? መንገድ ላይ ይንገላታብሻል። በጎኑ አስተኚው፣ ውሃ እንዳትሰጪው፣ ከሥራ ስወጣ ራሴ እደውላለሁ፤ እስከዚያ እንዳታንቀሳቅሱት» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ።

እማዬ ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት፣ አጎቴ ከቤታቸው መጡ። «አክስትሽ ምን አለች?» አሉኝ። ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ፣ አታንቀሳቅሱት ብለዋል አልኳቸው። አጎቴ «ሐኪማችን ካለች አለች ነው» ብለው ተቀመጡ። ተሸክመን ወደ ቤት እንኳ አላስገባነውም፤ እዚያው ጨርቆቹ መሃል አደረ። እርስዎ ጋ ደጋግመን ደወልን፤ ስልክዎ አይነሳም። በነጋታው ጠዋት ደውለው እማዬን «አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዱት» ሲሏት ነው ሩጫ የሆነው።

በአዲሱ ሆስፒታል የተቀበሉን ሐኪም ጥቁር መነጽር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ቀጭን ሴት ናቸው። ጭንቅላቱን ፎቶ አስነሱና ስክሪኑን ወደ እኛ አዞሩት። «ወደ አንጎሉ የሚሄደው የደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ተሰክቷል» አሉ። «እንዲህ ያለውን እኛ በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተን፣ በደም ሥሩ ውስጥ ለውስጥ እስከ አንጎል ወስደን፣ የረጋውን ደም ይዘን እናወጣዋለን። ጭንቅላት አይከፈትም። ግን ደም ያጣው የአንጎል ክፍል ሳይሞት መድረስ አለብን። የእሱ አብዛኛው ሞቷል። አሁን ብንከፍተው ሊደማበት ይችላል እንጂ አይጠቅመውም።» እማዬ «እዚህ ይሠራል እንዴ?» አለች። «ከአምና ጀምሮ» አሉና በኮሪደሩ ጫፍ ያለውን ሰፊ በር አሳዩን። ከዚያ «ትናንት የት ነበራችሁ?» አሉ።

ከአባዬ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ አንድ ግድግዳ ለሳኝ ተኝቷል። እሱም እንደ አባዬ ነበር አሉ፤ ሚስቱ ወዲያው በጭነት መኪና ጭና አምጥታው በዚያ በር ገብቶ ወጣ። «እጁ ሞቶብኝ ነበር፤ ይኸው ዛሬ በዚያችው እጅ ሻይዬን ቀማኝ» ትለኛለች። ራሱን ሲያበጥር አየሁት።

አክስቴ፣ እዚያ ያሉበት ሥራ ይኸው እንደሆነ አንድ ጊዜ ጽፈውልኝ ነበር። አሁንስ ለአባዬ ምንም የሚደረግ የለም?

ጭምቷ ልጅዎ

ኅዳር 28

ለጭምቷ፣ ለሆዴ፣

እንደምን ነሽልኝ? የወንድሜ ትንፋሽ እንደምን ነው? እናትሽን ጉልበቷን ያጽናልኝ፤ ትልቁን ወንድሜን ዕድሜ ይጨምርልኝ። እኔ እግሬ ሥራ ቦታ ነው እንጂ ልቤ ከእናንተ አልጋ ሥር ነው። ደብዳቤሽን እየደጋገምኩ አነበብኩት። ልጄ፣ እንዲህ አሳምረሽ መጻፍ ከየት ተማርሽ?

የጠየቅሽኝን ልመልስ። የእኛ ክፍል እንዳልሽው ነው። በሽተኛው ጠረጴዛው ላይ ይተኛል፣ ሐኪሞቹ ከብሽሽቱ ተነስተው ሽቦውን በስክሪን እያዩ ይነዱታል፣ እኔ ዕቃ አቀብላለሁ፣ የደም ግፊቱን እከታተላለሁ። ባለፈው አንድ ሰውዬ አፉ ተይዞ ገባ፤ የረጋውን ደም ስበው ሲያወጡለት ገና ጠረጴዛው ላይ እንዳለ የሚስቱን ስም ጠራ። ታዲያ ይህ ሁሉ ጊዜው ሳያልፍ ነው። ካለፈ በኋላ የሚቀረው ሥራ የእናንተ ነው። ተነስቶ እንዲቀመጥ አድርጉት። ባጭር ባጭሩ አናግሩት። ቃል ሲፈልግ ጠብቁት፤ ቃሉን ከአፉ ነጥቃችሁ አትጨርሱለት። የሰለለውን እጅ ትራስ ላይ አሳርፉለት እንጂ በክንዱ አትጎትቱት።

አንድ ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። ለሕክምናው ስለሚጠቅም ነው። በዚያ ሰዓት አባትሽ ጆሮው ይሰማ ነበር? ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ሳለ ሱቅ የገባ ደንበኛ ወይም ጎረቤት ነበር? አሁንስ ይናገራል?

ደግሞ ልጄ፣ እኔና አንቺ በስልክ ያወራነውን ለሰው ሁሉ አታብራሪ። የሕክምና ነገር ለማያውቀው ሰው ሲነግሩት ይምታታበታል፤ ቤት ይበጠብጣል። አንቺ እንደሆንሽ ዝምታ ያምርብሻል።

ፈጣሪ ይማረው። ጉንጭሽን ስሜያለሁ።

አክስትሽ

ታኅሣሥ 12

ለምወድዎ አክስቴ፣

ጤናዎን እመኛለሁ። ብርዱ እንደማይበረታብዎ ተስፋ አደርጋለሁ። አባዬ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ገብቷል። እንዳሉን ቀና አድርገን እናስቀምጠዋለን። እጅና እግሩን የሚያሠራው ሰው በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ ቀልደኛ ነው። የአባዬን ቀኝ እጅ ይይዝና «አንተ እጅ፣ ዓመት ፈቃድህን ጨርሰሃል፤ ነገ ሥራ ካልገባህ ደብዳቤ እንጽፍብሃለን» ይለዋል። አባዬ በግማሽ ፊቱ ይስቃል።

ስለጠየቁኝ። ደንበኛም ጎረቤትም አልነበረም። አባዬ ግን ይሰማ ነበር፤ እርስዎ ሲናገሩ ዓይኑ ወደ ስልኩ ይዞር ነበር። አሁንም የምንለውን ሁሉ ይገባዋል፣ ሐኪሟም አረጋግጠዋል። መናገር ግን አይችልም። አንድ ቃል ብቻ ቀርቶለታል፤ «እሺ»። ሲርበውም እሺ፣ ሲያመውም እሺ፣ ሲናደድም እሺ ነው። ሐኪሟ ይህ ሕመም ብዙ ሰው ላይ አንዲት ቃል እንደሚያስቀር፣ ሰውየው ሌላ ሊል ፈልጎም ያችው ቃል እንደምትወጣ ነግረውናል። አጎቴ ግን «ወንድሜ ድሮም እሺ ባይ ነበር» ይላሉ።

አሁን የከበደኝን ልንገርዎ። ከሆስፒታል ከወጣን ጀምሮ እማዬ አታየኝም። ውሃ አምጪ ስትለኝ ለግድግዳው ነው የምትናገረው። የሠራሁትን ሾርባ አባዬን ታጎርሰዋለች፤ እሷ አትቀምሰውም። ምን አጠፋሁ ብዬ አልጠየቅሁም፤ እንደሚያውቁት መጠየቅ አይሆንልኝም። በስንት ጊዜው አጎቴ ራሳቸው አፈነዱት። ሳህን ከእጄ ሲያመልጠኝ፣ «እጇ እንኳ እንደ አፏ ነው፤ የያዘችውን በሰዓቱ አታቀብልም» አሉ። እማዬ «ይተዉአት ጋሼ» አለቻቸው። እሳቸው ግን «ምን ልተዋት! አክስቷ ነገረችን እኮ። ልጅቷ ‹አባዬ ራሱን አሞታል፣ ደክሞታል› ብቻ ነው ያለችኝ፤ የአፉንም የእጁንም ነገር አልነገረችኝም አለች። ይቺ ደግሞ ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ ብላ አስቀመጠችን» አሉ።

እማዬ ያኔ አየችኝ። ባታየኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀይ ሆኜ ሳህኑን ለቀምኩ። ዝም ስል ደግሞ እውነት መሰለ።

አክስቴ፣ መስመሩ ተቆራርጦብዎ ይሆን እንዴ? እንዲያ እንዳልል ግን፣ በየት በኩል ነው ብለው ጠይቀውኛል፤ በቀኝ ብዬዎታለሁ። ወይ ድካም ኖሮብዎ ረስተውት ይሆናል። እባክዎ ለእማዬ ደውለው ያስታውሷት። እኔን አያምኑኝም፤ እኔ በስልክ እንደምንተባተብ ሁሉም ያውቃል። እርስዎ አንዲት ቃል ቢሉ ይበቃል።

ጭምቷ ልጅዎ

ጥር 15

ለምወድዎ አክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ያለፈው ደብዳቤዬ ደርሶዎት ይሆን? እማዬ ከእርስዎ ጋር በስልክ እንዳወራች ሰማሁ፤ በሩ ሥር ሆኜ ስሜ ይነሳ እንደሆነ ጆሮዬን ጣልኩ። አልተነሳም። ስለ መድኃኒት ብቻ አወራችሁ።

ሱቁን እኔ ከፍቼዋለሁ። ጠርዝ ማጠፍና ቁልፍ መትከል፣ ዚፕ መቀየርም እችላለሁ። የካፖርቱ ባለቤት መጥቶ «አባትሽ እንዴት ነው? ስለ ሆዴ የሚናገር ሰው አጣሁ» አለኝ። ልስቅ ፈልጌ አለቀስኩ፤ ሰውዬው ደንግጦ ካፖርቱን ሳይለካ ሄደ።

መልስዎን እጠብቃለሁ።

ጭምቷ ልጅዎ

የካቲት 9

ለጭምቷ፣ ለዓይኔ ብርሃን፣

ስላዘገየሁ አትቀየሚኝ፤ የተረኝነት ብዛት አናቴ ላይ ወጥቷል። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ሰው ስለምልክልሽ ጫማና ሹራብ ይዞልሽ ይመጣል፤ ሹራቡ ሰማያዊ ነው፣ ለመልክሽ ይሄዳል ብዬ ነው። ደግሞ ሌላ ሐሳብ አለኝ። ያቋረጥሽውን ትምህርት ጨርሺልኝ፤ ከዚያ እኔ ጋ እንድትመጪ የሚደረገውን አደርጋለሁ። ነርስነት እዚህ ትማሪያለሽ። እጅሽ ረጋ ያለ ነው፣ ለዚህ ሥራ ተፈጥረሻል። ይህን ለእናትሽ ገና አልነገርኳትም። በእኔና በአንቺ መሃል ይቆይ።

የጻፍሽልኝን በተመለከተ፣ ልጄ፣ ያለፈ ውሃ ወፍጮ አያዞርም። ማን ምን አለ፣ ማን ምን ሰማ ብንል ወንድሜ ተነስቶ አይሄድም። እኔ ከዚያ ቤት የወጣሁት ዕድሜዬ ካንቺ ብዙም ሳይበልጥ ነው። እዚያ ስላለው ሕክምና እኔ ስወጣ የነበረውን ነው የማውቀው። የነበረው ደግሞ ግድግዳና ወረፋ ነበር። አንቺ ልጅ ነሽ፤ በልጅ ላይ የወደቀ ነገር ቶሎ ይነሳል፤ ነገ ይስቁብሻል፣ ከነገ ወዲያ ይረሱታል። በትልቅ ሰው ላይ የወደቀ ግን እዚያው ይቀራል። እኔን ሐኪማችን የሚሉኝ ሰዎች ናቸው። ገብቶሻል ብዬ አምናለሁ፤ አንቺ ሳይነግሩሽ የሚገባሽ ልጅ ነሽ።

እናትሽ ትበርዳለች፤ ጊዜ ስጫት። ፈጣሪ ልብሽን ያስፋው።

አክስትሽ

የካቲት 24

ለአክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ገብቶኛል።

ሹራቡንም ጫማውንም የያዘው ሰው መጥቶ ነበር። አመስግኜ መለስኩለት። ደግ ሰው ነው፤ መንገድ ያደከመውን ሰው እንዲያ ማድረጌ ቆጭቶኛል፤ ግን ሰማያዊውን ሹራብ ለብሼ እማዬ ፊት መቆም አልችልም።

ትምህርቱንም አልፈልግም ማለት አይደለም። እንዲህ ሆኖ ግን አልፈልገውም።

አክስቴ፣ እኔ እርስዎን ማሳጣት አልፈለግሁም። እዚህ ያለው ሆስፒታል እንደሚሠራ አላወቁም ነበር፤ እኔም አላወቅሁም፤ በየቀኑ በበሩ እያለፍኩ እንኳ አላወቅሁም። ይህን ቢሉ ማን ይፈርድብዎታል? አባዬ ከእኔ በላይ ይወድዎታል። እማዬ እኔን መቀየሟ ግን እየገደለኝ ነው። ነገ ይረሱታል ብለዋል። እማዬ አትረሳም። ከሆስፒታሉ የመጣ ሰው ሁሉ «ትንሽ ቀደም ብትሉ ኖሮ» ሲላት ዓይኗ እኔ ላይ ነው የሚያርፈው። አባዬን በያገላበጠችው ቁጥር ይህን ታስባለች። ባሏን የወሰደባት የእኔ አፍ ነው ብላ ታምናለች፤ እሷ ደግሞ እናቴ ናት።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። ለቤተሰቡ በሙሉ አንድ ደብዳቤ ይጻፉ። አጎቴ ዓይናቸው ሞራ ለብሶ ማንበብ ትተዋል፤ እማዬ ፊደል አልቆጠረችም፤ አባዬም ከታመመ ወዲህ ፊደሉ ይምታታበታል። አንባቢዋ እኔው ነኝ። ሰብስቤ አነብላቸዋለሁ። ረጅም አይሁን፤ «ልጅቷ ነግራኛለች» የሚል ካለበት ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር በሕይወቴ አላነሳብዎትም።

እጠብቃለሁ።

ጭምቷ ልጅዎ

መጋቢት 22

ለተከበሩት ለታላቅ ወንድሜ፣ ለታመመው ወንድሜ፣ ለእህቴ ለወንድሜ ሚስት፣ ለቤቱ ሁሉ፣

ሰላምታዬ እንደ ዝናብ ይውረድላችሁ። በጤና ያቆየን አምላክ ይመስገን፤ ለታመመው ምሕረት ይላክልን። ሩቅ ሆኜ እጄ ባይደርስም ሐሳቤ ከእናንተ ተለይቶ አያውቅም። ጋሼ፣ ለዓይንዎ የነገርኩዎትን ጠብታ አያቋርጡ። እህቴ፣ ስታነሺው ወገብሽን ሳይሆን ጉልበትሽን እጠፊ፤ አንቺም ከወደቅሽ ቤቱ ማን አለው?

ስለ ልጃችን አንድ ነገር ልበል። በእሷ ምክንያት ቤቱ ውስጥ ቅያሜ እንዳለ ሰምቻለሁ። አትቆጧት። ያን ቀን ስትደውልልኝ «አባዬ ራሱን አሞታል፣ ደክሞታል» ነው ያለችኝ። ልጅ ናት፣ ደንግጣ ነው፣ ደግሞም ምላሷ በስልክ እንደሚያዝ ሁላችንም እናውቃለን። አፉ መጣመሙን፣ እጁ መውደቁን ብትነግረኝ ኖሮ፣ ሥራዬ ይኸው የሆነ እኔ፣ ለአንድ አፍታ እንኳ ጠብቁ እል ነበር? ወንድሜ ነው እኮ። ይህን የምጽፈው ለመውቀስ አይደለም። ይቅር በሏት። እኔም ይቅር ብያታለሁ።

ይህን የምታነበው እሷው ናትና፣ ልጄ፣ አይክበድሽ። በርቺና አንብቢው።

ቸር ያሰማን።

እህታችሁ

ሚያዝያ 3

ለአክስቴ፣

ደብዳቤዎ ደርሷል። አንብቤላቸዋለሁ። እንዴት እንዳነበብኩት ልንገርዎ።

ፖስታው ሲመጣ አልከፈትኩትም። የእርስዎን ጽሕፈት ሳይ ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ሌላ ሰው ሳይሰማ ብሰማው የሚጎድል መሰለኝ። ሱቁን ዘግቼ ወደ ቤት ሮጥኩ። የአባዬን ፊት አጠብኩት፣ የተተኮሰ ሸሚዝ አለበስኩት፣ ትራስ ደግፌ አስቀመጥኩት። አጎቴን ከቤታቸው ሄጄ ጠራኋቸው። «ምን ተገኘ?» ሲሉኝ «አክስቴ ጽፈውልናል» አልኳቸው፤ እየሳቅሁ ነበር፤ መሳቄን አይተው በጥርጣሬ ተከተሉኝ። እማዬ እጇን አድርቃ አባዬ እግር ሥር ተቀመጠች።

ሰላምታውን አነበብኩ። የአጎቴን ጠብታ፣ የእማዬን ወገብ አነበብኩ። ከዚያ ዓይኔ ከአፌ ቀደመና ቀጥሎ ያለውን አየ።

አክስቴ፣ መዝለል እችል ነበር። እንኳን መዝለል፣ የፈለግሁትን ከራሴ ጨምሬ ማንበብ እችል ነበር። አጎቴ ወረቀቱን ቢቀበሉኝ የሚታያቸው ጭጋግ ነው። እማዬ ብትቀበለኝ ገልብጣም ብትይዘው አታውቀውም። «ልጅቷ ነግራኛለች ይላል» ብል ማን ይከሰኝ ነበር? እርስዎ ግን እንደማላደርገው አውቀው ነው የጻፉት። ያን ነው እስካሁን መርሳት ያቃተኝ።

ጮክ ብዬ አነበብኩት። «እኔም ይቅር ብያታለሁ» የሚለውን አጎቴ አልሰማሁም ስላሉ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በርቺና አንብቢው የሚለውንም አነበብኩት።

አባዬ በግራ እጁ ፍራሹን ይመታ ጀመር። «እሺ! እሺ! እሺ!» ይላል፤ ፊቱ ደም መስሏል። አጎቴ «ይኸው እሱም መሰከረ» አሉ።

እኔ ወረቀቱን አጠፍኩት። ከዚያ ያን ቀን ሱቁ ወለል ላይ በስልክ ያልኩዎትን፣ እርስዎም ያሉኝን፣ በተርታ ተናገርኩ። አፉ በቀኝ በኩል ተጣሟል፣ እጁን ባነሳለት ይወድቃል፣ ወደ አዲሱ ሆስፒታል ልውሰደው ወይ፤ እዚያ ከግድግዳ ቀለም በቀር ምን አላቸው። ምላሴ ተሳስሮ ነበር፤ እየተንተባተብኩ ጨረስኩት።

አጎቴ «አሁን ነው ምላስ ያበቀልሽው?» አሉ።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቆዩ» አለች እማዬ። «እኔ ፊደል አላውቅም። እርስዎም አያዩም። ይቺ ልጅ ያን ቦታ ዘላ ብታልፍ በምን እናውቅባት ነበር?»

«ምን ለማለት ነው?»

«ሰው የሚዋሸው ሲመቸው ነው፤ እሷ ተመችቷት አልዋሸችም። ራሷን የሚያዋርድ ነገር በገዛ አፏ ሁለት ጊዜ አነበበችልን። ያን ቀን ለምን ትዋሻለች?»

እማዬ ወደ አባዬ ዞረች፤ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው። «ያን ቀን ሰምተሃል አይደል? አፉ ተጣሟል ብላ ለእህትህ ነግራት ከሆነ ዓይንህን ጨፍንልኝ። ካልነገረቻት ክፍት አድርገው» አለችው።

አባዬ ዓይኑን ጨፈነ። ገልጦ እንደገና ጨፈነ፤ ከዚያ ወዲያ አልገለጠውም፤ እንባው በጨፈነው ሥር ወረደ።

አጎቴ ዱላቸውን ፈልገው ወጡ። አምነው ይሁን አፍረው አልጠየቅኳቸውም። እስካሁንም ተመልሰው አልመጡም። በእህትና በወንድም ልጅ መሃል መምረጥ ለእሳቸውም ከባድ ነው መሰለኝ።

እማዬ ይቅርታ ማለት አታውቅበትም። ሾርባውን ሠርቼ ሳቀርብ ግን ከእኔ ጋር ተቀምጣ ጠጣች፤ «ጨው አንሶታል» አለችኝ። ፊቴን እያየች ነው ያለችኝ።

አክስቴ፣ በመሳሳትዎ አልተቀየምኩም። ማንም ይሳሳታል። ተሳስቻለሁ ቢሉን ኖሮ ከወንድምዎ እኩል እናዝንልዎት ነበር። እርስዎ ግን ቤቱን በሙሉ ዞረው ሲያዩ የማይመልስ ሰው ፈለጉና እኔን አገኙ። ከሌላው ሁሉ የቀረብኩዎት እኔ ነበርኩ። ለማንም ያልነገርኩትን ለእርስዎ ነበር የምጽፈው፤ ዝም ማለቴን ያወቁትም ከእኔው ደብዳቤ ነው። ጭምቷ ያሉኝም እርስዎ ነዎት። ደስ ይለኝ ነበር፤ ሲሉኝ የታቀፍኩ ይመስለኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ መልስ አልጽፍልዎትም። ለቤቱ የሚልኩትን ደብዳቤ ግን አልከለክልም፤ አባዬ የእህቱን ወሬ ይፈልጋል። አንባቢዋ አሁንም እኔው ነኝ፤ ሌላ የለንም። እንደተጻፈው አድርጌ አነብለታለሁ፣ ከሰላምታው እስከ ስንብቱ። የሚጽፉትን ሁሉ በእኔ ድምፅ እንደሚሰማው እያወቁ ይጻፉ።

ጤና ይስጥዎ።

የወንድምዎ ልጅ